ማንም ያልሞተበት ጡሩምባ

እስቲ ጠጋ በሉና ላውጋችሁ። ካላመናችሁኝም አልቀየምም። እኔም ይህ ነገር የሆነበት ሰፈር ሰው ነኝ፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ ሰው ማመን የሚባል ነገር የለም። ጎረቤት ጨው ልበደር ብሎ ሲመጣ እንኳ "ምን አይቶ ነው?" እንላለን።

ታዲያ ትርሲት የምትባል ልጅ መጣችብን። የጤና ተማሪ ናት፤ ለልምምድ ወደ ጤና ጣቢያችን ተልካ ነው። ሥራዋ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ መቀስቀስ ነው። እትዬ አስካለ ቤት አንዲት ክፍል ተከራየች። አስካለ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። አንድ ቀን ትርሲት ወደ ጓሮ ስትዞር፣ አስካለ ደም የነካው ጨርቅ አጥባ ከአጥሩ ሥር ስትሸሽግ አየቻት። ከጥቂት ቀን በኋላም አየቻት፤ ደግማም አየቻት። የወር አበባ አይደለም፤ ያለ ጊዜው የሚፈስ ደም ነው። ልጅቷ ክው አለች። ከዚያ ወዲያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አስካለ ትመርመርላት።

"እትዬ አስካለ፣ ኧረ ይመርመሩ። ነርሷ ኮምጣጤ ቀባ አድርጋ ታያለች፣ አለቀ።"

"ኮምጣጤ?" አለች አስካለ ዓይኗን አጥብባ። "ሰላጣ ነኝ እንዴ? ደግሞ ማን ነው የላከሽ? ማህፀኔን ሊዘጉት ነው አይደል? በላይነሽ ትቅደምና እከተላለሁ። እሷ ካልቀደመች ንቅንቅ አልልም!"

አስካለ አትመረመርም፤ ትርሲትም እንቅልፍ የላትም።

ሄደች ወደ በላይነሽ፣ አጥር ወደምትጋራት ጎረቤት። "እትዬ በላይነሽ፣ እባክዎ ይቅደሙ። እርስዎ ካልቀደሙ እትዬ አስካለ አይመረመሩም።"

"አሃ! እኔ ልሞክርላትና እሷ ቆማ ልትታዘበኝ! አስካለን እኔ ነኝ የማውቃት። ባሌ ሂጂ ካላለኝ ከደጄ አልወጣም።"

በላይነሽ አስካለን አትቀድምም፣ አስካለ አትመረመርም፤ ትርሲትም እንቅልፍ የላትም።

ሄደች ወደ ባልየው። ጋሽ ወልደየስ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን እየረገጠ ከመነጽሩ በላይ አያት። "ጋሽ ወልደየስ፣ እባክዎ እትዬ በላይነሽን ይልቀቋቸው። እርስዎ ካልለቀቁ እሳቸው አይቀድሙም፣ እሳቸው ካልቀደሙ እትዬ አስካለ አይመረመሩም።"

"የሚያያት ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት ናት፣ ጋሼ።"

"ዛሬ ሴት ናት። ነገስ? አይ፣ ይሄ ጉዳይ ነገር አለው። የእድራችን ዳኛ ያላዘዘውን እኔ እቤቴ አላስገባም።"

ልብስ ሰፊው በላይነሽን አይለቅም፣ በላይነሽ አስካለን አትቀድምም፣ አስካለ አትመረመርም፤ ትርሲትም እንቅልፍ የላትም።

ሄደች ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ ጋሽ ንጋቱ። ገና ሰላም ሳትለው "የማን ሰው ነሽ?" አላት። የመጣችበትን ነገረችው።

"እድር ለቀብር ነው፣ የኔ ልጅ። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ለቅሶ እንቀመጣለን። በሕይወት ያለ ሰው ከእድር ምን አለው? ደግሞ አንቺ ስለ ሰው ሚስት ምን አስጨነቀሽ? ጡሩምባ ባልተነፋበት ነገር አላዝም።"

ዳኛው ልብስ ሰፊውን አያዝም፣ ልብስ ሰፊው በላይነሽን አይለቅም፣ በላይነሽ አስካለን አትቀድምም፣ አስካለ አትመረመርም፤ ትርሲትም እንቅልፍ የላትም።

ሄደች ወደ ጡሩምባ ነፊው፣ ወደ ጋሽ ዘርጋው። በእድራችን ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። በሩን ከፈት አደረገና "ማን ሞተ?" አላት።

"ማንም።"

"ታዲያ ማንን ልትገድይ ነው የመጣሽው?"

ይሄኔ ትርሲት አላስቻላትም፣ እንባዋ መጣ። "ጋሽ ዘርጋው፣ እርስዎ ካልነፉ ዳኛው አያዙም፣ ዳኛው ካላዘዙ ልብስ ሰፊው አይለቁም፣ ልብስ ሰፊው ካልለቀቁ እትዬ በላይነሽ አይቀድሙም፣ እሳቸው ካልቀደሙ እትዬ አስካለ አይመረመሩም!"

"አስካለ ምን ሆና ነው?" አለ ጠርጠር አድርጎ። "ንገሪኝና እነፋለሁ።"

"አልነግርዎትም።"

"ካልነገርሽኝ አልነፋም።"

"እንግዲያው ይቅር፣ አይንፉ። የሰው ገመና አላወጣም።" ፊቷን አዙራ መንገድ ጀመረች።

ጋሽ ዘርጋው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። በእኛ ሰፈር ምስጢር ተጠይቆ እምቢ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም።

"ነይ እስቲ፣ አንቺ ልጅ" አላት። "አትንገሪኝ፣ ገባኝ። የኔም ሚስት ጨርቅ ትሸሽግ ነበር። አየሁ፣ አፈርኩ፣ ዝም አልኩ። የሷን ሞት የነፋሁት እኔው ነኝ። አሁንም ድረስ ያንገበግበኛል።"

ሊነጋጋ ሲል ጡሩምባው ጮኸ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ ግር ብሎ ወጣ። "ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም!" አለ ጋሽ ዘርጋው። "እንዳይሞት ነው የነፋሁት! ሴቶች ዛሬ ለምርመራ ጤና ጣቢያ ትፈለጋላችሁ!"

"አበድክ እንዴ?" ብሎ ጮኸበት ዳኛው።

"ጡሩምባ ተነፍቶ የቀረ ይቀጣል ብለህ የደነገግኸው አንተ ነህ፣ ጋሽ ንጋቱ። ይኸው ነፋሁ፤ ሰውም ወጥቷል። በል እዘዝ።"

ዳኛው ሰዉን አየ፣ ሰዉም ዳኛውን አየ። የራሱን ደንብ በአደባባይ ሊሽር ነው? ጉሮሮውን ጠራረገና "እንግዲህ… ሰምታችኋል፤ ሂዱ" አለ።

ጡሩምባ ነፊው ነፋ፣ ዳኛው አዘዘ፣ ልብስ ሰፊው እያጉረመረመ በላይነሽን ለቀቀ፣ በላይነሽም አስካለን ቀደመች። ገብታ ስትወጣ "ምንም የለውም፤ ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ" አለች። አስካለ ወደ ኋላ አየች፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል። ተመረመረች።

ነርሷ ቆየች፣ ደግማም አየች። "የጀመረ ነገር አለ፤ ደግነቱ ሳይብስ መጣሽ" ብላ ወደ ሆስፒታል ላከቻት። ያን ምሽት ትርሲት እንደ ሕፃን ተኛች።

አስካለ ታክማ፣ ድና ስትመለስ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ጋሽ ዘርጋው ሄደችና እጁን ያዘች።

"ጋሽ ዘርጋው፣ ያን ዕለት ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ማን ሞተ እያልኩ ስወጣ፣ ለካ የተነፋው ለእኔ ኖሯል" አለችው።