ዳባ የለበሰው አርማ

አንድ ቀን ጓንጉል የሚባለውን እንጨት ቀራጺ የወረዳው ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት አስጠራው። ጓንጉል ጥሪው ሲደርሰው ደስታውን አልቻለውም። የክረምቱ ጎርፍ ከመንገዱ ቦይ እየገነፈለ ሥራ ቤቱ ይገባና ያስቀመጠውን ዋንዛ ሁሉ ያበሰብስበት ነበር፤ አቤት ለማለት እዚያ ቢሮ ያልተመላለሰበት ጊዜ የለም። «ተመስገን! ሰሚ አገኘሁ» አለና የክት ኮቱን ደርቦ ከተፍ አለ።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ወንድይፍራው ግን የፈለጉት ለሌላ ነበር። ከዞን እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ቢሮው ደግሞ አርማ የለውም።

«ጣውላ ላይ አንድ ትልቅ ጆሮ ትቀርጽልኛለህ» አሉት። «ከበሩ በላይ ይሰቀላል። ሕዝቡን የምናዳምጥ መሆናችንን ገና ከውጭ ያየ ሁሉ ይወቀው።»

«እሺ ጌታዬ። እግረ መንገዴን ግን፣ ያ ቦይ...»

«አደራ፣ ጆሮው ሰፋ ይበል!»

«ይሰፋል። ቦዩ ግን ጌታዬ፣ ቤቴን...»

«ቅሬታ ከሆነ በመስኮት ነው» አሉና ስልካቸውን አነሱ።

ጓንጉል ወደ መስኮቱ ሄደ። ጸሐፊዋ «ኃላፊው ካልመሩልህ አልቀበልም» አለችው። ወደ ኃላፊው ተመለሰ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። ሌላ ቀን ጣውላውን ሊያሳያቸው ሲገባ አሁንም ስለ ቦዩ አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን ጣውላውን በስንዝራቸው እየለኩ «ከዚህ እስከዚህ ጆሮ ይሁን» ብለው አሰናበቱት። ያን ሰሞን ደግሞ ዝናቡ አላባራ አለ። ጓንጉል ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ መሮውን እየመታ የቅሬታ ሰሚውን ጆሮ ቀረጸ።

ጣውላው አልቆ በጨርቅ ተሸፍኖ ሲሰቀል «ኧረ ቀድመው ይዩት ጌታዬ» ብሏቸው ነበር። እሱንም አልሰሙትም።

የምረቃው ዕለት እንግዶቹ ከፊት ተደረደሩ። ስለ ማዳመጥ ረጅም ንግግር ተደረገ፤ ተጨበጨበ። አቶ ወንድይፍራው ጨርቁን ሳብ ሲያደርጉት ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጣውላው ላይ የሚታየው እጥፋቱና ፀጉሩ ሳይቀር ተለይቶ የተቀረጸ የበግ ቆዳ ነው። ከሥሩ የጉትቻ ማንጠልጠያ የምታክል የጆሮ ጫፍ ብቻ ብቅ ብላለች።

የኃላፊው ፊት በርበሬ መሰለ።

«አንተ ሰውዬ! ጆሮ ነበር እኮ ያልኩህ! ይሄ የተጀቦነው ምንድን ነው?»

«ጆሮ ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ ምኑን ነው ያለበስከው?»

«ዳባ ነዋ! አገሬው የእርስዎን ቢሮ ጆሮ የሚያውቀው ዳባ ለብሶ ነው። ራቁቱን ብተወው የሌላ ቢሮ መስሎት በሩን ይስታል ብዬ ነው።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በመሐረብ ለማፈን ቢታገልም አልሆነለትም። ከዚያን ዕለት ወዲህ ያን ቢሮ በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ፤ መንገድ ስትጠይቅ «ዳባ ቤቱን አልፈህ ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይሉሃል።