የእንጉዳይ ልብ እስኪታይ

ተረት አምጡ ካላችሁኝ ጆሮ አምጡልኝ። እንጉዳይ የምትባል የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጥቂት ከተራመደች ትንፋሿ ይቆራረጣል። ምኞቷ አንዲት ናት፦ ልቧ እንዲታይላት። ሳይታይ ምጥ ቢመጣ፣ ትትረፍ አትትረፍ የሚያውቅ የለም።

የጤና ኬላዋ ነርስ ሲስተር ምናሉ፣ ኪስ የምትገባ የልብ ማያ መሣሪያ አወጣች። መሣሪያዋም፣ "በደረቅ ገላ ላይ አላይም፤ የሚያሙለጨልጭ ቅቡኝ" አለች። ቅባቱ ደግሞ ካለቀ ሰንብቷል።

ተልባ ዘንድ ሄዱ። ተልባም፣ "ሳልወቀጥ አልዝለገለግም" አለ።

ሙቀጫ ዘንድ ሄዱ። በመንደሩ ያለው አንድ ነው። "ተልባ ሳይወቀጥ መሣሪያ አታይም" ቢሉት፣ "ባለቤቴ አንጓች ሳትፈቅድ አልወጣም" አለ።

አንጓች ዘንድ ሄዱ። "ሙቀጫ ሳይወጣ ተልባ አይወቀጥም፣ ተልባ ሳይወቀጥ መሣሪያ አታይም" ቢሏት፣ "እንጉዳይ የምንጩን ወረፋ ቀምታኛለች! ሳንታረቅ ዕቃ አላውሳትም" አለች። ነገረኛ ናት ብትሉ አልከራከርም።

ሽማግሌው አባ ይመር ዘንድ ሄዱ። "አንጓች ሳትታረቅ ሙቀጫ አይወጣም፣ ሙቀጫ ሳይወጣ ተልባ አይወቀጥም፣ ተልባ ሳይወቀጥ መሣሪያ አታይም" ቢሏቸው፣ "እንደ ወጉ በዳይዋ ድንጋይ ተሸክማ ካልመጣች አላስታርቅም" አሉ።

ድንጋዩ፣ "አንገት ካልተሸከመኝ አልነሣም" አለ። አንገት፣ "ልብ ካልበረታ አልሸከምም" አለ። ልብ፣ "እኔ መች ታየሁና!" አለ።

እንግዲህ ልብ ሳይታይ አንገት አይሸከምም፣ አንገት ሳይሸከም ድንጋይ አይነሣም፣ ድንጋይ ሳይነሣ ሽማግሌ አያስታርቁም፣ ሳያስታርቁ አንጓች አትሰጥም፣ ሳትሰጥ ተልባ አይወቀጥም፣ ሳይወቀጥ መሣሪያ አታይም፣ መሣሪያ ሳታይ ልብ አይታይም። ተያይዞ ጉድ!

እንጉዳይ ግን ድንጋዩን አነሣችው። ወደ አባ ይመር ስታዘግም፣ አንጓች ደጅ ላይ ትንፋሿ ተቆራርጦ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። አንጓች ወጣች።

"ምነው እንጉዳይ?"

"የዚያን ለታም እንዲህ ነበርኩ። ቆሜ መጠበቅ አቅቶኝ ነው ወረፋውን ያለፍኩት፣ እቴ።"

"ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?"

አንጓች እጅግ አፈረች። ድንጋዩን በራሷ አንገት አድርጋ ወደ አባ ይመር ሮጠች። "በዳይዋ እኔ ነኝ፣ አባ! ያስታርቁን።"

ያኔ ሽማግሌው አስታረቁ፣ አንጓች ሙቀጫ ሰጠች፣ ሙቀጫ ተልባ ወቀጠ፣ ተልባ ተዝለገለገ፣ መሣሪያ አየች፣ ልብ ታየ።

አንደኛው የልቧ በር ጠቦ፣ ደም በጭንቅ ነው የሚያልፈው።

"እዚህ አትወልጂም" አለቻት ሲስተር ምናሉ። "ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። በጊዜ ስለታየ ተስፋ አለው።"

አምቡላንሱ ሲመጣ ቀድማ የገባችው አንጓች ናት። "ደገፍ በይኝ" አለቻት። "አንቺ መተንፈሱን ያዢ፣ ወሬውን ለኔ ተይው።"