የተገፋው አጥር

አንድ ሰው ነበረ። ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ፣ ጨረቃ ቤት ሠርቶ የሚኖር ልብስ ሰፊ። ጨረቃ ቤት ታውቃላችሁ አይደል? ያለ ፈቃድ፣ ሰው ሳያይ የሚቆም፣ ወረቀት የሌለው ቤት። ብዙዎቻችን እዚያ ውስጥ አድገናል፤ አንዳንዶቻችሁም ዛሬ ከዚያ ወጥታችሁ ነው የመጣችሁት።

ስሙ አሰግድ ይባላል፤ ሚስቱ ዘርትሁን። ልጆቻቸውን እዚያው ወልደው አሳድገዋል። ግን አንድም ቀን አፋቸውን ሞልተው "ቤታችን" ብለው አያውቁም። ዶዘር መጣ የተባለ ቀን ዘርትሁን አንሶላና ብርድ ልብሱን ጠቅልላ በር ላይ ትቀመጣለች። ወሬው ሐሰት ሆኖ ሲቀር መልሳ ታነጥፋለች። እንዲህ ኖሩ።

ታዲያ አንድ ቀን የምሥራች መጣ። ሰነድ የሌላቸው ቤቶች ተለክተው፣ ተመዝግበው፣ የይዞታ ካርታ ሊሰጣቸው ነው ተባለ። ሰፈሩ እልል አለ። ዘርትሁንም እልል አለች። የአሰግድ ፊት ግን ጠቆረ።

ለምን ይመስላችኋል? ሰው የለመነው ሲሰጠው ያዝናል?

ቀያሹ ድንበር ሲለካ ጎረቤት ቆሞ "አዎ፣ ድንበራችን ይህ ነው" ብሎ መፈረም አለበት። የአሰግድ ጎረቤት ደግሞ አቶ ላቀው የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። ከዓመታት በፊት ላቀው እናታቸውን ሊቀብሩ አገር ቤት ሄደው ነበር። ያን ጊዜ አሰግድ ወጥ ቤት የሚሠራበት ቦታ ጠበበውና አጥሩን ወደ እሳቸው ግቢ ገፋ አደረገው። አያችሁ? ሰው እናቱን ሲቀብር! ላቀው ከለቅሶ ተመልሰው አጥሩን አዩ፣ አሰግድን አዩ፣ ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል የእግዜር ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል አልነበረም።

"ዶዘሩን ነው የምንፈራው ስንል ኖርን" አለችው ዘርትሁን። "አሁን ነው የገባኝ። አንተ የምትፈራው ጋሼ ላቀውን ነው። ቀያሹ ሳይመጣ ሄደህ ንገራቸው።"

"ወጥ ቤቱ ይፈርሳል እኮ!"

"ይፍረስ። የማበስልበት እኔ፣ አንተ ምን ቸገረህ?"

ሄደ። ላቀው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ያዳምጡ ነበር።

"ጋሼ ላቀው፣ አጥሩን የገፋሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉት። ራዲዮኑን ዘጉ። "የድሮው አጥር ቋሚ ጉቶ ከወጥ ቤትህ ግድግዳ ሥር እስካሁን ይታያል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ልከስህ ፈልጌ ነበር። የት ልክሰስህ? አንተም ወረቀት የለህ፣ እኔም የለኝ። አቤት ብል የሁለታችንም ቤት ነው የሚፈርሰው። ስለዚህ ቀያሹ የሚመጣበትን ቀን ስጠብቅ ኖርኩ። በሰፈሩ ሁሉ ፊት ላዋርድህ ነበር ሐሳቤ።" ቀና ብለው አዩት። "ቀደምከኝ።"

ወገኖቼ፣ ይህችን ቃል ያዙልኝ። "ቀደምከኝ።"

ላቀው "ይቅር፣ ውሰደው" አላሉም። እንዲያ ብዬ ባወራላችሁ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን አላሉም። "ቦታዬን መልስ" ነው ያሉት። በማግስቱ ወጥ ቤቱን አብረው አፈረሱት፤ አሰግድ ከላይ ቆርቆሮውን እየነቀለ፣ ላቀው ከታች እየተቀበሉ። ክረምት እየገባ ነበርና የላቀው ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ዘርትሁንን ጠሯት። "ምን ዝናብ ላይ ትጎለቻለሽ? ነይ እኔ ጋ አብስይ!" ክረምቱን ሁሉ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ምድጃ አበሰሉ። ያን ሁሉ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረው አንዷ የሌላዋን ወጥ ቀምሳ አታውቅም ነበር!

ቀያሹ መጣ፤ ለካ። ሁለቱም ፈረሙ። ወራት ቆይቶ ካርታው ወጣ። ስፋቱ አሰግድ ሲያልመው ከኖረው አነሰ። ወረዳው በር ላይ ቆሞ ሲያገላብጠው ላቀው አዩት።

"ጠበበብህ?"

"ጠበበ ጋሼ" አለና ሳቀ። "ግን ሁሉም የኔ ነው።"

አሁን ልጠይቃችሁ። አሰግድ ባለቤት የሆነው መቼ ነው? ካርታው የወጣ ቀን ነው ትሉኛላችሁ? ለእኔ የላቀውን ደጅ የረገጠ ቀን ይመስለኛል።

እናንተስ? ስንቶቻችን ነን የተገፋ አጥር ይዘን "ጌታ ሆይ፣ ሰላም ስጠን" የምንል? ሰላሙ ሲመጣ ደግሞ የምንደነግጥ? ወንድምህን ከአባትህ ውርስ ገፍተኸው ይሆናል። የባልደረባሽን ስም አጥፍተሽ ያገኘሽው ወንበር ይኖር ይሆናል። የተበደለው ሰው ዝም አለ፤ እናንተም ዝምታውን ይቅርታ አድርጋችሁ ቆጠራችሁት። ኧረ ተዉ! ላቀውም ዝም ብለው ነበር እኮ። ሲጠብቁ ነበር።

ሁላችንም የምንለካበት ቀን አለ። የእግዚአብሔር ገመድ ለማንም አይረዝምም፣ ለማንም አያጥርም። ላስፈራራችሁ ግን አልመጣሁም። ደስ የሚለውን ልንገራችሁ፦ ያ ቀን ገና ነው። መቅደም ይቻላል።

እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ በለመዳችሁት መንገድ ወደ ቤት አትሂዱ። የምትሸሹትን ደጅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ሰውየው ቤቱ ነው። ሂዱ።