የኢንጂነር አስካለ ፈቃድና የእማማ አጸደ ግድግዳ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ያለችው አንዲት መሐንዲስ ናት። የምትፈልገውም አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ የሙያ ፈቃዷ እንዲታደስላት።

ስሟ ኢንጂነር አስካለ ይባላል። ቀጨሞ በሚባል ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ ታሠራ ነበር። ቀጨሞ በበጋ ልብስ የሚታጠብበት ጨዋ ወንዝ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ጨዋነቱን ይረሳዋል። አምና ሐምሌ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ማሻገር አቅቷቸው ጎረቤቶቿ ወንዙ ዳር ቆመው ሲያለቅሱ አስካለ በዓይኗ አይታለች። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ከዝናብ በፊት ካላለቀ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። አሁን ብረቱ ታስሯል፣ ጣውላው ተመቷል፣ ጠጠሩ ተከምሯል። የቀረው አርማታ መሙላት ብቻ ነው። ሰኔም ገብቷል።

«በል ሽብሩ፣ አርማታውን ሙላ» አለችው ፎርማኑን።

«ይፈርሙልኝና ልሙላ፣ ኢንጂነር።»

ልትፈርም እስክሪብቶ አወጣች። ሽብሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ፈቃድዎ ግን ሚያዝያ ላይ አልፎበታል። ባለፈ ፈቃድ የተፈረመ አርማታ ነገ አፍርሱት ይሉናል።»

አስካለ ፈቃዷን ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው። ሽብሩ እውነቱን ነው። ከድልድዩ ጋር ስትሯሯጥ ማሳደሱን ረስታዋለች። አርማታው ያለ ፊርማ አይሞላም፤ ፊርማው ያለ ፈቃድ አይፈረምም። «መጣሁ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም» ብላ ወደ ከተማ ሄደች።

ቢሮው መስኮት ላይ ረድኤት የምትባል ትሁት ልጅ ተቀምጣለች። ማስረጃውን ተቀበለች፣ አገላበጠች፣ አዲሱን ፈቃድ ከማተሚያ ማሽኑ አወጣች። አስካለ እጇን ዘረጋች። ረድኤት ግን ፈቃዱን አልሰጠቻትም።

«ማህተም ይቀረዋል፣ ኢንጂነር።»

«ምቺበታ!»

«ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ተቆልፏል።»

«ክፈቺዋ!»

«ቁልፉ ጋሽ ደምሰው ኪስ ውስጥ ነው። ጋሽ ደምሰው ለቅሶ ቤት ናቸው።»

አስካለ መሳቢያውን በመስኮቱ አሻግራ አየችው። በልቧም ለመነችው። መሳቢያው የመንግሥት ንብረት ነውና ዝም አለ። አርማታው ያለ ፊርማ አይሞላም፤ ፊርማው ያለ ፈቃድ አይፈረምም፤ ፈቃዱ ያለ ማህተም አይታደስም፤ ማህተሙ ያለ ቁልፍ አይወጣም። አስካለ ነጠላ ተውሳ ወደ ለቅሶ ቤት ሄደች። ያዋሰቻትም ረድኤት ናት፤ ልጅቱ ክፉ አይደለችም።

ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። ጋሽ ደምሰው ድንኳኑ አፍ ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። በሥራ ሰዓት ማህተም ያዥ ናቸው፤ በሰፈር ደግሞ የዕድር ዳኛ ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ፊት ነው የሚሠሩት።

«ጋሽ ደምሰው፣ እባክዎ ቁልፉን» አለች አስካለ። «አርማታው ያለ ፊርማ አይሞላም፤ ፊርማው ያለ ፈቃድ አይፈረምም፤ ፈቃዱ ያለ ማህተም አይታደስም፤ ማህተሙ ያለ ቁልፍ አይወጣም።»

«መጀመሪያ ተቀመጪ። ንፍሮ ቅመሺ።» ተቀመጠች፤ ንፍሮ ቀመሰች። «እንግዲህ ስሚኝ። ቁልፉ በስሜ የተረከብኩት ነው። ለሰው አልሰጥም።»

«እሺ፣ እርስዎ ይምጡልኛ።»

«ዳኛ ድንኳን ጥሎ አይሄድም። ድንኳኑ ሲፈርስ እነሣለሁ።»

«ድንኳኑ መቼ ነው የሚፈርሰው?»

«ትናንት መፍረስ ነበረበት» አሉ ጋሽ ደምሰው።

አስካለ ንፍሮዋን እንደያዘች ወደ መልካሙ ዞረች። መልካሙ የድንኳን ተካዮቹ አለቃ ነው፤ የካስማ ክምር ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ያያል። «ወንድሜ፣ ድንኳኑን አፍርስልኝ። አርማታው ያለ ፊርማ አይሞላም፤ ፊርማው ያለ ፈቃድ አይፈረምም፤ ፈቃዱ ያለ ማህተም አይታደስም፤ ማህተሙ ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፉ ያለ ጋሽ ደምሰው አይሄድም፤ ጋሽ ደምሰው ድንኳኑ ሳይፈርስ አይነሡም።»

«ደስ ባለኝ እህቴ» አለ መልካሙ። «እኔስ ዝናብ ጥሎብኝ ሸራው ቢረጥብ ማን ይሸከመዋል? ግን እማማ አጸደ ወደ ቤት አልገባም ብለዋል። ሐዘንተኛዋ ሳይገቡ ድንኳን ብናነሣ ሜዳ ላይ ጣልናቸው ማለት እኮ ነው። ነውር ነው።»

አስካለም ነውር መሆኑን አመነች። እማማ አጸደ ባላቸው ጋሽ ልሳኑ የሞቱባቸው ናቸው። ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አስካለ አጠገባቸው ሄዳ በርከክ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ።»

«አሜን ልጄ።»

«ወደ ቤት ቢገቡልኝ? አርማታው ያለ ፊርማ አይሞላም፤ ፊርማው ያለ ፈቃድ አይፈረምም፤ ፈቃዱ ያለ ማህተም አይታደስም፤ ማህተሙ ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፉ ያለ ጋሽ ደምሰው አይሄድም፤ ጋሽ ደምሰው ድንኳኑ ሳይፈርስ አይነሡም፤ ድንኳኑም እርስዎ ሳይገቡ አይፈርስም።»

እማማ አጸደ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጧት። «ይኸን ሁሉ በቃልሽ ነው የያዝሽው?» አሉ። «እኔማ መግባት አልጠላሁም። ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ይወድቅብኛል። መሐንዲስ ይየውና እገባለሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አስካለን አየ።

«አንቺ መሐንዲስ አይደለሽም እንዴ?» አለ መልካሙ።

«ነኝ» አለች አስካለ። «ማለቴ፣ ነበርኩ። ከሚያዝያ ወዲህ አይደለሁም።»

ጋሽ ደምሰው ከወንበራቸው ሳይነሡ «ፈቃዱን ያላሳደሰ መሐንዲስ ስለ ሕንፃ አስተያየት መስጠት አይችልም» አሉ። «መመሪያው ግልጽ ነው።» መመሪያውን ቢሮው በር ላይ የለጠፉት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ አርማታው ያለ ፊርማ አይሞላም፤ ፊርማው ያለ ፈቃድ አይፈረምም፤ ፈቃዱ ያለ ማህተም አይታደስም፤ ማህተሙ ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፉ ያለ ጋሽ ደምሰው አይሄድም፤ ጋሽ ደምሰው ድንኳኑ ሳይፈርስ አይነሡም፤ ድንኳኑ እማማ ሳይገቡ አይፈርስም፤ እማማ ግድግዳው ሳይታይ አይገቡም፤ ግድግዳው ያለ መሐንዲስ አይታይም፤ መሐንዲሷ ያለ ፈቃድ አታይም። ለቀስተኛው ይህን ሲያስብ ንፍሮ ማኘኩን አቆመ። ከወደ ቀጨሞ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

አስካለ መጮህ አማራት። ሰው ቤት፣ ለዚያውም ለቅሶ ቤት ናትና አልጮኸችም። ብድግ ብላ ወደ ቤቱ ገባች። ስንጥቁ ከመስኮቱ ተነሥቶ እስከ ጥጉ ወርዷል፤ ጣት ያስገባል። ዳሰሰችው፣ በጡጫዋ መታ መታ አደረገችው። የተሰነጠቀው ልስኑ ነው እንጂ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን አወቀች። መናገር ግን አልተፈቀደላትም። ስለዚህ ስንጥቁ ሥር ካለው መደብ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች።

«አንቺ ልጅ! ውጪ ከዚያ፣ ይወድቅብሻል!» አሉ እማማ አጸደ ከውጭ።

«አስተያየት የለኝም፣ እማማ» አለች አስካለ። «ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

እማማ አጸደ ተነሡ። ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃፉ ድረስ መጡ፤ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አስካለ ጠጋ ብላ መደቡ ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው። እማማ ቆይተው ቆይተው ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ።

«ስንጥቁስ አርጅቷል» አሉ፣ ውጭ ያለው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሙሽራ ሆኜ ስገባም ነበር። ልሳኑ ለፋሲካ እለስነዋለሁ፣ ለፋሲካ እለስነዋለሁ ሲል ሳይለስነው ሄደ።»

«ታዲያ ምን አስፈራዎት?»

«ብቻዬን መግባቱ ነው ያቃተኝ፣ ልጄ።»

አስካለ የእማማን እጅ ያዘች። የሙያ አስተያየት አልነበረምና መመሪያም አልከለከላትም።

መልካሙ አንገቱን በበሩ አስግጎ አየና «ገብተዋል!» ብሎ ጮኸ። እማማ ገቡ፤ ድንኳኑ ፈረሰ። ድንኳኑ ፈረሰ፤ ጋሽ ደምሰው ተነሡ። ጋሽ ደምሰው ተነሡ፤ ቁልፉ ሄደ። ቁልፉ ሄደ፤ ማህተሙ ወጣ። ማህተሙ ወጣ፤ ፈቃዱ ታደሰ። ፈቃዱ ታደሰ፤ ፊርማው ተፈረመ። ፊርማው ተፈረመ፤ አርማታው ተሞላ። ረድኤት ነጠላዋን ስትቀበል «በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብለው ይምጡ፣ ኢንጂነር» አለች። አስካለም «እሺ» አለች።

ነጎድጓዱ ለካ ማስፈራሪያ ብቻ ነበር። የእውነቱ ዝናብ የመጣው አርማታው ጠንክሮ ጣውላው ከተነሣ በኋላ ነው። ቀጨሞ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ እያጉረመረመ በድልድዩ ሥር አለፈ። ሰዉ በላዩ ተሻገረ።

በነጋታው እሑድ ነበር። አስካለ ጃንጥላ ይዛ እማማ አጸደ ቤት ሄደች። ስንጥቁ ሥር ተቀመጠች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለሽ?» አሉ እማማ። «ማን ነው አልገባም፣ አልነሣም ያለሽ?»

«ማንም። እንዲሁ ነው የመጣሁት።»

እማማ አጸደ ተነሥተው ዝናቡ እንዳይገባባት በሩን ገርበብ አደረጉትና ተመልሰው አጠገቧ ተቀመጡ። ተረቴም እዚህ ላይ ማህተም ተመታበት።