ገብቶ ያልወጣው ዱካ

አንድ ሰው ነበረ፣ ልጆቼ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ በየፊናቸው የሄዱበት፣ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው። አትሳቁ! ሆዱን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ጎንበስ ብሎ የገዛ ውስጥ እግሩን ማየት የማይችል ሰው ነበር።

ይህን ሰው ውስጥ እግሩን ያቃጥለው ጀመር። ፍም የረገጠ ያህል። ወደ አንድ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ጫማውን እንኳ ሳያስወልቀው፣ «ብርድ ነው። እግርዎን ያሙቁ፤ ካልሲ አያውልቁ» ብሎ ኪኒን አዘዘለት። ሰውየውም ወፍራም ጥቁር ካልሲ አጠለቀ። ከወራት በኋላ ማቃጠሉ ጠፋ። ጭራሽ ጠፋ! ስለቱን አገባ፤ ላገኘው ሁሉ «እጁ መድኃኒት ነው» እያለ ሐኪሙን አሞገሰ። ሕመም ከጠፋ መዳን አይደል እንዴ? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

አንድ ቀን ከገበያ ተመለሰና ጫማውን እንደ ልማዱ በር ላይ አውልቆ ጋደም አለ። ሲነሣ ወለሉ ላይ ዱካ አየ። የደም ዱካ። የአንድ እግር ብቻ፣ የቀኝ። ከበሩ ይነሣል፤ በሳሎኑ ያልፋል፤ አልጋው ጋ ሲደርስ ያበቃል። የመመለሻ ዱካ ፈለገ። የለም።

ገብቷል፤ አልወጣም።

ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ማየት አይችልም፤ በመጥረጊያ እንጨት እየወጋ ፈተሸ። ማንም የለም። በማግስቱም ዱካው መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ጠበል ረጨ፤ መጣ። አንድ ቀን ከዱካው ጎን እየተራመደ ለካው፤ እርምጃው ከራሱ እርምጃ ጋር እኩል ሆነበት። ምን ያለ ነገር ነው አረማመዴን የተማረ? አለ። ሌላ ነገር አልታሰበውም።

በጓሮው ክፍል ደብሪቱ የምትባል ተከራይ ነበረች። ዘመድ የሌላት፣ ከሰው የማትቀላቀል፣ በአንድ ክሊኒክ ልብስ አጣቢ። ጣት ለመቀሰር ከእሷ የሚቀርብ ማን አለ?

«መተት አድርገሽብኛል! ውጪልኝ ከቤቴ!» አላት።

«ኧረ በእመብርሃን፣ አባባ! እኔ ምን በወጣኝ!» ብላ አለቀሰች። አልሰማትም። ዕቃዋን በማዳበሪያ ከትታ ወጣች። የአጥሩ በር ላይ ስትደርስ ግን ዘወር ብላ አረማመዱን አየችው። «አባባ፣ ቀኝ እግርዎን ይታዩ። እኔ የማጥብበት ቤት የእግር ሐኪም አለች፤ ዶክተር ኅሪት ይሏታል» አለችው።

ምክር ነበር፤ እሱ ሟርት አድርጎ ሰማው። በሩን በላይዋ ላይ ዘጋው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ጫማውን ደጃፍ ላይ አወለቀ፤ ገባ፤ መቋሚያውን ተደግፎ ቆመ። «እዚህ እንኳ አይደፍረኝም» አለ በልቡ። ቅዳሴው መካከል ላይ አንድ ጎልማሳ ከኋላው ነጠላውን ጎተት አደረገውና ወደ መሬት አመለከተው። ዞር ብሎ አየ። በሰሌኑ ላይ፣ ከበሩ ጀምሮ እርሱ እስከ ቆመበት ድረስ፣ ዱካው መጥቷል።

ከእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ እንኳ አልተመለሰም! ሰውየው እዚያው ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። ጆሮው ላይ የሚያቃጭልበት የደብሪቱ ድምፅ ብቻ ነበር፤ «ቀኝ እግርዎን ይታዩ።»

በነጋታው ዶክተር ኅሪት ፊት ቀረበ።

«ካልሲዎን ያውልቁ» አለችው።

«ብርድ ነው ተብያለሁ።»

«ማነው ያለዎት?»

«ሐኪም።»

«እግርዎን አይቶት ነው?»

እሷ ራሷ ተንበርክካ አወለቀችለትና «እንግዲህ ዓይንዎን ይጨፍኑ። በዚህች ቀጭን ክር ውስጥ እግርዎን ስነካዎ አዎ ይበሉኝ» አለችው።

ጨፈነ። ጠበቀ። ውጭ ሰው ሲያስል ይሰማል። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። ጠበቀ፣ ጠበቀ። ምነው ቆየች?

«ዶክተር፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?»

«ጨርሻለሁ፣ አባቴ።»

በመስታወት አሳየችው። ውስጥ እግሩ ላይ፣ ከጣቶቹ ሥር፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር። ጫማውን አንሥታ እጇን ከተተችና «ውይ!» ብላ አወጣችው። ያን ቀን ገበያ ላይ ጫማ ሰፊ ሶሉን ሲመታ አልፎ የወጣ ሚስማር! ይህን ሁሉ ቀን በየእርምጃው ሲወጋው ከርሟል፤ አንዲትም ጊዜ አላመመውም። ደሙን ለካችው። «ስኳር አለብዎት» አለችው። «ማቃጠሉ ሲተውዎት የዳኑ መሰለዎት። ያን ጊዜ ነው እግርዎ የደነዘዘው። ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ እግርዎን እናጣው ነበር።»

ሁለት ጣቱ ተቆረጠ፤ እግሩ ተረፈ።

ቁስሉ ሲጠግግ በምርኩዝ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደ። ደብሪቱ አንሶላ ታሰጣለች።

«ልጄ፣ ዱካው የእኔ ነበር። ይቅር በይኝ» አላት።

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። ልቧ ቆስሎ ነበራ! እግሩን አየች፤ ጫማውንም አየች። «አባባ፣ ዛሬስ አራግፈው ነው ያደረጉት?» አለችው። ሰውየው እዚያው የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቤታችሁ ሰላም ከራቀው ስንት ጊዜ ሆነው? «እሷ ናት ያመጣችብን» ብላችሁ ማንን አስወጣችሁ? ምራታችሁን ነው? ጎረቤታችሁን ነው? ዱካውንስ ለክታችሁታል? የማን እግር ነው?

ደግሞ «አባ፣ እኔ እኮ ምንም አይሰማኝም» የሚለኝ አለ። ለእሱ ነው የምፈራው! ድሮ ሰው ስታሙ ያቃጥላችሁ ነበር፤ ስትዋሹ ያቃጥላችሁ ነበር። አሁን ተዋችሁ። ድናችሁ ነው? እስቲ ንገሩኝ፣ ድናችሁ ነው? ካልሲያችሁን ሳያስወልቅ «ደኅና ናችሁ» የሚላችሁን አትመኑ፤ እኔም ብሆን። ተንበርክኮ የሚያይላችሁን ፈልጉ። ምናልባትም ያባረራችሁት ሰው ያውቀዋል።

ቅዳሴው አልቋል። ጫማችሁ ደጃፍ ላይ ነው፤ ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን አስገቡ። ከመውጣታችሁም በፊት፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ ዞር ብላችሁ የቆማችሁበትን ሰሌን እዩት።