ቤቱ የሚበላው መብራት

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለ ፔንሲዮን።

ሰርካለም፣ ጥያቄሽን ዘንግቼው አይደለም። «የስፌት መኪናዬን ልሽጠው ወይ? ሳልወልድ በቀን ሁለት ቀሚስ እጨርስ ነበር፤ አሁን አንድ እጅጌ አልወጣልኝ አለ፤ ሰንፌያለሁ መሰለኝ» ነው ያልሽኝ። ሰምቻለሁ። እዚህ ደጃፍሽ ከተቀመጥን ወዲህ ስንቴ ተነስተሽ ወደ ልጁ እንደገባሽም አይቻለሁ፤ የኔ የጎረቤትሽ ዓይን መቼም ሥራ ፈቶ አያውቅም። መልስሽ ያለው እዚህ ሰውዬ ቤት ነውና ቁጭ በይና ስሚኝ።

ሰውዬው የሚኖርበት ከተማ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነው። እንግዳ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ «ፍል ውሃ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የፔንሲዮኑ ቦይለሮች ደግሞ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፤ ሙቀታቸውን ለግድግዳው እያካፈሉ ቀኑን ሙሉ መብራት ሲጠጡ ይውላሉ። የመብራት ሂሳብ የመጣ ቀን ሰውዬው ምሳው አይበላለትም።

አንድ ቀን አንድ ባለሙያ መጣ። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ የመፍቻ ቦርሳው ከራሱ የሚከብድ ሰው ነው።

«ጋሼ፣» አለው፣ «ቤትዎን ላስተካክልልዎት። ለዕቃውም ለድካሜም አሁን ምንም አይከፍሉኝም። መብራቱ ከቀነሰ፣ ከቀነሰው ላይ ግማሹ ለእርስዎ፣ ግማሹ ለእኔ። ካልቀነሰ ከሰርኩ፣ በቃ።»

«ከምን የቀነሰ?» አለ ባለ ፔንሲዮኑ። ሞኝ አልነበረም።

«ዋናውን ጠየቁ» አለ ባለሙያው። «መጀመሪያ ቤቱ እስከ ዛሬ ስንት ሲበላ እንደኖረ እንወቅ። የአንድ ወር አይበቃንም። ሐምሌን ብቻ ብናይ ብርዱ ያሳስተናል፤ የንግሥ ሰሞንን ብቻ ብናይ የእንግዳው ብዛት ያሳስተናል። ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ሙሉውን እንይና እሱ መነሻችን ይሁን። ቀነሰ የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው።»

የዓመቱን ሂሳብ አንድ በአንድ አዩ። ጎረቤት ያሉ አንድ ሽማግሌ መሃል ተቀምጠው አዋዋሏቸው። እንግዳ ከበዛ መነሻው ከፍ ሊል፣ ካነሰም ዝቅ ሊል ተስማሙ። ክፍል ሲያዝ ቁልፉ በመዝገብ ነው የሚሰጠውና ይኼ አላከራከራቸውም።

ባለሙያው ሥራ ጀመረ። ቦይለሮቹን አንድ ባንድ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለላቸው። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጎሚኒውን፣ ውሃ የሚይዘውን ጎማ፣ ቀየረለት፣ የሻወሩን ራስ ውሃ በማያባክን ለወጠ፣ የኮሪደሩን አምፖል ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲበራ አደረገ። ጥሪት ብሎ የያዘውን እዚያ ቤት ላይ አፈሰሰው። የከተማው ባለ ሆቴሎች ደግሞ ዳር ቆመው ያያሉ። እዚህ ከተሳካለት እነሱም ይጠሩታል፤ ካልተሳካለት ስሙ ጠፋ ማለት ነው፣ ሌላ ከተማ ሄዶ ከዜሮ ይጀምራል።

በዚያው ሰሞን የባለ ፔንሲዮኑ እህት ባሏ ሞተባት። ሰውዬው አላቅማማም። መኪና ይዞ ሄዶ እሷንም ልጆቿንም አምጥቶ የጓሮ ክፍሎቹን ሰጣት። ልጆቹ ስንት እንደሆኑ አትጠይቂኝ፤ እዚያም እንደኛው ነው፣ ልጅ አይቆጠርም። «አሉ፣ ደህና ናቸው» ይባላል፣ ያበቃል። ታዲያ ልጆች ናቸውና በየቀኑ በፍል ውሃ ይታጠባሉ። የትምህርት ቤት ልብሳቸው ይታጠባል፣ ይተኮሳል። ራታቸው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራል። ጨለማ የምትፈራው ትንሿ ደግሞ መብራት ካልበራላት እንቅልፍ አይወስዳትም። ሰውዬው የራሱ ልጅ አልነበረውም። ወደ ቤቱ በጓሮ በኩል መግባት የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ኪሱም ከረሜላ ማጣት አቆመ።

ወራት አለፉ። ሂሳቡ መውረድ ሲገባው ያው የድሮው ሆኖ መጣ።

ባለ ፔንሲዮኑ ሽማግሌውን አስጠራና ባለሙያውን ግቢው መሃል አቆመው።

«ና እስቲ፣ የቦይለር ሐኪም!» አለው። «ብርድ ልብስ አልብሰህልኝ ነበር። ቦይለሮቼስ ተመቻቸው፤ እኔ ምን አገኘሁ?»

«ጋሼ፣ ምናልባት እንግዳው በዝቶ...»

«እንግዳ አልበዛም! የቁልፉ መዝገብ ይኸው፣ እንደ አምናው ነው። እንካፈል አላልክም? እሺ፣ የምንካፈለው የታለ? ሰው ሁሉ ‹አሞኘህ አይደል› እያለ ይስቅብኛል።»

ባለሙያው ቤቱን ከላይ እስከ ታች ዞረ። የጠቀለለው እንደተጠቀለለ ነው። የሚያንጠባጥብ የለም። ግራ ገባው። በመጨረሻ ወደ ጓሮ ዞረና ቀጥ አለ። ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ትንንሽ ካልሲና ሹራብ ተሰጥቶበታል። እህትየው ትንሿን ሳፋ ውስጥ አቁማ ታጥባለች። የፍል ውሃው ቧንቧ አጠገቧ ነው፤ የምታፈስባት ግን ቀዝቃዛውን ነው። ልጅቷ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

ያን ጊዜ ገባው። ለምን በቀዝቃዛ እንደምታጥብም ገባው፤ የግቢው ጩኸት ጓሮ ድረስ ይሰማላ።

ባለ ፔንሲዮኑና ሽማግሌው ተከትለውት መጡ። ባለሙያው እንደምንም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ከተዋዋልን ወዲህ ቤቱ ላይ የተጨመረ ነገር አለ?» አለ።

«ምን ይጨመራል? ቤቱ ያው ቤቱ ነው» አለ ባለ ፔንሲዮኑ።

ዋሸ እንዳትዪ፤ ከልቡ ነው። የእህቱ ልጆች ለሱ እንግዳ አይደሉም፣ ጭማሪም አይደሉም። እህትየው ግን እጇ ልጅቷ ጀርባ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብላ ባለሙያውን አየችው።

አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። «ልጆቹስ?» ቢል ስሙም ጥሪቱም ይተርፍለታል። ነገር ግን ያቺ ቃል ከአፉ ከወጣች ሴትዮዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጓዟን እንደምትይዝ ከዓይኗ አነበበ። ቀድሞውንም ከበሩ ጀርባ የተቋጠረ አንሶላ ጫፉ ብቅ ብሏል። ወንድሟ ቤት ተጠግታ፣ ልጆቿ የሚታጠቡበት ውሃ በሽማግሌ ፊት ሲቆጠር ቁጭ ብላ የምትሰማ እናት የት አለች? ባለሙያው ምራቁን ዋጠ። ቃሏንም አብሮ ዋጣት።

«እንግዲያው ዕቃዬን ልንቀል» አለ።

«ንቀል!»

«የድሮውንም እንደነበረ ልመልስ።»

«መልስ!»

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። አንድ ሳምንት ቤቱ በድሮው ዕቃ ይሥራ። ከዚያ አባታችን ባሉበት ቆጣሪውን አብረን እንይና ያኔ ልሂድ።»

«ምን ይጎዳል? ይሁን» አሉ ሽማግሌው።

ሁለቱ ዘወር እንዳሉ ባለሙያው ወደ እህትየው ጠጋ አለ። «እህቴ፣ አንድ ነገር ያግዙኝ» አላት። «የጓሮው ፍል ውሃ እንደ ወትሮው ካልተቀዳ የኔ ሥራ ይበላሻል። ለኔ ብለው በዚህ ሳምንት ምንም አይቆጥቡ።»

ከባሏ ሞት ወዲህ ሰው «እንርዳሽ» ሲላት ነው የከረመችው። «እርጂኝ» ያላት እሱ ነው። እጇን ዘርግታ የፍል ውሃውን ቧንቧ ከፈተች።

የዚያን ሳምንት ጉድ ምን ልንገርሽ! የተራቆቱት ቦይለሮች ሲያጓሩ ዋሉ፣ ሲያጓሩ አደሩ። ፊውዙ በወጣ በገባ ቁጥር ይወርዳል። ፊቱን ሳሙና የተቀባ እንግዳ ከሻወር ቤት «ኧረ የሰው ያለህ!» ይላል። ሳምንቱ ሲሞላ ሦስቱ ሰዎች ቆጣሪው ፊት ቆሙ። ባለ ፔንሲዮኑ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ቤቱ አምና በዚሁ ሰሞን ከበላው በግማሽ በልጦ ሄዷል።

«እንዴ! አምናም እኮ እነዚሁ ቦይለሮች ናቸው! እንዲህ በልቶ አያውቅም!»

«አያውቅም» አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ። «አምና ቤትዎ እንዲህ አልደመቀም ነበራ፣ ጋሼ።»

ሰውዬው ሊመልስለት አፉን እንደከፈተ ትንሿ ከጓሮ ፎጣዋን እየጎተተች እየሮጠች መጣች፤ እናቷ እያሳደደቻት ነው፣ ሌሎቹ ከኋላ ይስቃሉ። መጥታ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። እርጥብ ፀጉሯ ሱሪውን አራሰው፤ ገና ሙቀቱ አልለቀቃትም። ሰውዬው ልጅቷን አየ። ቆጣሪውን አየ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ በመጨረሻ።

«ምን ብዬ?»

ሰውዬው ልጅቷን አንስቶ ታቀፋት። «ዕቃህን መልስ» አለ። «ዛሬውኑ መልስልኝ። አባቴ፣ ውሉ ይስተካከል። ያ መነሻ ያልነው የአምናው ቤት ጭር ያለ ቤት ነው፤ የኔ ቤት ይኼኛው ነው። በአምናው ልክ ላይ አሁን ያየነው ጭማሪ ይታከልበትና ከዚያ እንቁጠር።»

ሽማግሌው መረቁ። ባለሙያው ቦይለሮቹን መልሶ ጠቀለላቸው። ከዚያ በኋላ ከአዲሱ ልክ ላይ እየታሰበ በየድርሻቸው ተካፈሉ፤ ባለ ሆቴሎቹም ይጠሩት ጀመር። ከበሩ ጀርባ የነበረው ቋጠሮ ምን ሆነ ብትዪኝ፣ አንሶላው በማግስቱ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

አየሽ ሰርካለም፣ ያ ቤት አንቺ ነሽ። በቀን ሁለት ቀሚስ የምትጨርሰው ያቺ ሴት ጭር ያለ ቤት ነበረች፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ የምታድር፣ ምሳዋን ቁጭ ብላ የምትበላ። አንቺ ግን ዛሬም ራስሽን በሷ ትለኪያለሽ። እስቲ ያቺን ሴት ጥሪያትና ይህን ልጅ አሳቅፊያት። አጥቢው በያት፣ አስተኚው፣ ደግሞ ሲነቃ አንሺው በያት። እጅጌውን ተዪው፣ መርፌው ላይ ክር አታስገባም።

ልጁን ለምን እንዳልቆጠርሽውም አውቃለሁ። ልጄ አደከመኝ ማለት ልጁን ሸክም ነህ ማለት መሰለሽ። ያን ላለማለት ራስሽን ሰነፍ አልሽ። እንደ ባለሙያው ቃሏን ዋጥሻት፤ እሱ ፍቅር ነው፣ አልነቅፍሽም። ባለሙያው ግን ቃሏን ዋጠ እንጂ ልኩን አልተወም። አንቺም ልጁን ሳትከስሺው መነሻሽን አስተካክይ።

መኪናውን አትሽጪው። አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ አልብሺውና ይቀመጥ። ነገ የእጅጌ ግማሽ ከሰፋሽ እኔ ጎረቤትሽ ምስክር ነኝ፣ ብዙ ሰፍተሻል። ይኸው ነቃ። ሂጂ ግቢ፤ የደመቀው ቤትሽ እየጠራሽ ነው።