ቀስቃሹን ያስተኛው ቦርድ

በሉ ተጠጉ። አንተ በር ላይ ያለኸው፣ ግባና በሩን ዝጋው፤ ስልክህንም አስቀምጥ። ዛሬ የማወራው ስለ እንቅልፍ ነው፤ እንቅልፉ የመጣበት ካለ ግን ከአሁኑ ይውጣልኝ።

በድሮ ጊዜ፣ ድሮም ቢሆን በጣም ሩቅ ባልሆነ ድሮ፣ ሩዝ በሚዘራበት ሜዳ ላይ ሙጪት የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ያለቻት ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ናት፤ ቡሬም ያለቻት አንዲት ጥጃ ናት። ሜዳው ሁሉ ሩዝ ስለሆነ ሣር ያለው ወንዙ ዳር ብቻ ነው፤ ጥጃዋ እዚያ ትታሰራለች፣ እናቷ ከፍ ብላ ዳገቱ ላይ ትታሰራለች። ወንዙ ደግሞ ክፉ ነበር። እዚህ ፀሐይ እየጠበሰ፣ እዚያ ላይ ደጋው ላይ ይዘንብና፣ ሳይታሰብ በቀትር ከች ይላል። ባለፈው ክረምት የቡሬን የመጀመሪያ ጥጃ ከነችካሏ ወስዷታል።

ሙጪትም ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወደ አያልሰው ሄደች።

"ወንድሜ፣ እኔ ሩዝ ሳርም ወንዙን የሚጠብቅልኝ ነገር ሥራልኝ። ዘንድሮም ከወሰደብኝ እኔም ላሜም አብረን ማበዳችን ነው" አለችው።

አያልሰው ሣጥን ሠራና ወንዙ ዳር እንጨት ላይ ሰቀለው። የሣጥኑ ጌታ አያ ቦርዶ ነው፤ በሬዲዮ ሆድ ውስጥ እንዳለው ያለ፣ መዳፍ የሚያህል፣ የሚያስብ ሰሌዳ። ቀላቢዋ እመት ባትሪት ናት። እመት ሰዓቲት ከምስር ፍሬ አትበልጥም፤ ሥራዋ መቁጠር ነው። አያ ጡሩምቤ ይጮኻል። ከሣጥኑ ውጭ፣ ውሃው ላይ፣ በሽቦ የታሰረ ቅል ይንሳፈፋል። ቀዮ የምትባል ቀይ መብራት ደግሞ አለች፤ እሷ ከቦርዶ ጋር ተጣብቃ ከፋብሪካ የመጣች ናት፤ በሣጥኑ ቀዳዳ ብቅ ብላ ከደጅ ትታያለች። አያልሰው "ይቺ ደግሞ ምን ትጎዳለች" ብሎ እንደበራች ተዋት።

ሕጉንም እንዲህ ብሎ ሠራ፦ "እመት ባትሪት እስከ መስከረም እንድትደርስ ሁላችሁም ትተኛላችሁ። ሰዓቲት ብቻ አትተኛም። ሩብ ሰዓት በሞላ ቁጥር ቦርዶን ትቀሰቅሰዋለች። ቦርዶም ቅሉን 'ውሃው የት ደረሰ?' ይለዋል። ደህና ከሆነ ተመልሶ ይተኛል፤ ካልሆነ ጡሩምቤ ይጮኻል።"

ሰኔ በደህና አለፈ። ሐምሌ ሲጋመስ እመት ባትሪት ማቃሰት ጀመረች።

"ቦርዶ ልጄ፣ አንድ ሰው እየበላኝ ነው።"

"ማን?"

"እኔ ምን አውቄ! ሁላችሁም ተኝታችሁ እኔ አልቃለሁ። በዚህ አያያዝ መስከረም ቀርቶ ነሐሴንም አላይ።"

ቦርዶ ደነገጠ። እሷ ካለቀች ሁሉም አለቁ፤ የቡሬ ጥጃም አለቀላት። መጀመሪያ ጡሩምቤን ያዘው።

"አንተ ነህ የምትበላት?"

"እኔ? ከሰኔ ጀምሮ አፌን ከፍቼ አላውቅም!"

"ቢሆንም ተኛ። ጭልጥ ብለህ ተኛ" አለው። በማግስቱ ባትሪት ባሰባት።

ቀጥሎ ቅሉን ያዘው።

"አንተ ነህ የምትበላት?"

"ካልጠየቅኸኝ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?"

"ቢሆንም ተኛ። ጭልጥ ብለህ ተኛ" አለው። በማግስቱ ባትሪት ድምጿም ሰለለ።

ይኼኔ ቀዮ ከደጅ ሆና "አያ ቦርዶ፣ ሰው ማማት አልወድም እንጂ፣ ቀንም ሌትም የማይተኛ ማነው?" አለች።

ቦርዶ ወደ ሰዓቲት ዞረ።

"እውነት አትተኚም?"

"አልተኛም።"

"ትበያለሽ?"

"እበላለሁ። ጉንዳን የምትቀምሰውን ያህል እቀምሳለሁ።"

"ይኸው! በገዛ አፏ አመነች!" አለች ቀዮ።

"አንቺስ?" ያላት የለም። ኧረ ተዉኝ እባካችሁ! ሲያበራ የሚውል ነገር ሌባ አይመስልም መሰለኝ።

"በይ አንቺም ተኚ" አላት ሰዓቲትን።

"እኔ ከተኛሁ ማን ይቀሰቅስሃል?"

ቦርዶ ትንሽ አሰበና፣ "እኔው ስነቃ እቀሰቅስሻለሁ" አላት።

ሳቃችሁ? ሙጪትን ብትሆኑ አትስቁም ነበር። ሰዓቲት "ጌታው አንተ ነህ" ብላ መቁጠሯን አቆመች። ቦርዶም ተኛ። ቀዮ ብቻ ደጁ ላይ ቦግ ብላ ቀረች።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ ደጋው ጠቆረ። ቅሉ አንድ ስንዝር ከፍ አለ። "ውሃው መጣ!" ቢል ማን ጠይቆት፣ ማንስ ሰምቶት? የጥጃዋ ሰኮና ራሰ።

ቡሬ ከዳገቱ ላይ "ቀዮ፣ ጌታሽ ነቅቷል?" አለች።

"አታዪኝም እንዴ? በርቻለሁ እኮ! ቤቱ ደህና ነው።"

ቡሬ ማመስኳቷን አቁማ ወደ ጥጃዋ አየች።

ውሃው የጥጃዋ ጉልበት ደረሰ።

"ቀዮ! ነቅቷል ወይ?"

"አንቺ ላም፣ ምን ያርበተብትሻል? በርቻለሁ አልኩሽ!"

ቡሬ እምቧ ብላ ጮኸች። ሙጪት ከሩዙ ቀና አለችና ቀዩን መብራት አየች። "ተመስገን፣ ነቅቶ እየጠበቀ ነው። ይቺ ላም ካለፈው ዓመት ወዲህ ፈሪ ሆናለች" ብላ ማረሟን ቀጠለች።

ውሃው የጥጃዋ ሆድ ደረሰ። "እማዬ፣ እግሬ መሬቱን ሊለቅ ነው" አለች ጥጃዋ።

ቡሬ ቀዮን ሦስተኛ አልጠየቀቻትም። ገመዷን በጥሳ ወረደችና ሣጥኑ የተሰቀለበትን እንጨት በቀንዷ መታችው። እመት ባትሪት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ ቀዮ ድርግም ብላ ጠፋች። ባትሪት ተመልሳ ቁጭ ስትል ሁሉም እንደ አዲስ ነቁ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለ ቦርዶ።

"አላውቅም፤ አስተኝተኸኝ ነበር" አለች ሰዓቲት።

"ውሃው የት ደረሰ?"

"አሁን ገና ጠየቅኸኝ?" አለ ቅሉ። "አጠገብህ ደርሻለሁ!"

ጡሩምቤ ጮኸ። ሙጪት "ጉዴ ፈላ!" ብላ ማጭዷን እንደያዘች በረረች። ስትደርስ ከጥጃዋ የሚታየው ጆሮዋና አፍንጫዋ ብቻ ነው። ገመዱን ቆረጠችና በጆሮዋ እየጎተተች ዳገቱ ላይ አወጣቻት። ችካሉ ከኋላቸው ተነቅሎ ሄደ።

በማግስቱ አያልሰው መለኪያውን ይዞ መጣ። አንድ በአንድ ለካቸው። ቀዮ ላይ ሲደርስ ራሱን ያዘ።

"ሰዓቲት በዓመት የማትጨርሰውን ይቺ በአንድ ቀን ትውጠዋለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አይቼ ነው የተውኳት" አለ። በወረንጦም ነቅሎ ጣላት።

ሙጪት ግን ፊቷ ጠቆረ። "እና መብራት ከሌለው መንቃቱን በምን አውቃለሁ?"

"በየቀኑ ቀትር ላይ ጡሩምቤ አንዴ ይጮኻል። ቀትር አልፎ ካልጮኸ፣ እትዬ ሙጪት፣ ምንም ሳትጠይቂ ሩጪ።"

እመት ባትሪት የቀራት ጉልበት መስከረምን አሳያት። ሰዓቲትም ዳግመኛ ተኚ ያላት የለም። ቡሬ ግን ዛሬም ቀትር ሲደርስ ማመስኳቷን ታቆምና ወደ ሣጥኑ ታያለች። ጡሩምቤ እስኪጮህ ድረስ በአፏ ያለውን አትውጥም።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለቀሩት ንገሩ። ቀስቃሹን ያስተኛ ቤት፣ መብራቱ እንደበራ ጎርፍ ይወስደዋል።